ቶሮንቶ የመጀመሪያ ቤት ለሚገዛ ሰው፦ የመኖሪያ ፈቃዱና አዲስ አበባ ያለው ቤት የታክስ ተመላሹን እንዴት ይነኩታል

ኦንታርዮ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው ከቤቱ ዋጋ ሌላ፣ ስም ሲዛወር የሚከፍለው ታክስ አለ። አገር ቤት አሹራና የቴምብር ቀረጥ እንደሚባለው ማለት ነው። ቤት ሲገዛ የመጀመሪያው ለሆነ ሰው ከዚህ ታክስ የተወሰነው ይመለስለታል። ቶሮንቶ ከተማ ውስጥ ታክሱ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱን ክፍለ ሀገሩ፣ ሌላውን ከተማዋ ትወስዳለች። ተመላሹም እንደዚያው ሁለት ነው።

ተመላሹን ማግኘት አለማግኘትን በዋናነት ሁለት ነገር ይወስነዋል። አንደኛው ገዢው በካናዳ ያለው ፈቃድ ነው፦ ዜጋ፣ ቋሚ ነዋሪ ወይስ ጊዜያዊ። ሁለተኛው ከዚያ ቀደም በዓለም ላይ የትም ቦታ ቤት ኖሮት ያውቅ እንደሆነ ነው። ስለ መጀመሪያው ሁሉም ይጠይቃል። ሁለተኛው ግን አራዳ፣ ልደታ ወይም ቂርቆስ የቤተሰብ ቤት ያለውን ሰው በቀጥታ ይነካዋል፤ አብዛኛው ሰውም ይህን የሚሰማው ጠበቃው ፊት ለፊርማ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ሰፋ ያለ ቦታ የሰጠነው ለእሱ ነው።

ገንዘቡ ስንት ነው

የኦንታርዮ ታክስ በደረጃ ይሰላል። ከቤቱ ዋጋ እስከ 55,000 ዶላር ድረስ ባለው ላይ 0.5 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 250,000 ድረስ 1 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 400,000 ድረስ 1.5 በመቶ፣ ከ400,000 በላይ ባለው ላይ 2 በመቶ ነው። ከ2,000,000 በላይ የሆኑ ቤቶች ሌላ ደረጃ አላቸው። ዶላር ስንል ሁሉም የካናዳ ዶላር ነው።

በ600,000 ዶላር የተገዛ ቤት እንውሰድ። 275 ሲደመር 1,950 ሲደመር 2,250 ሲደመር 4,000 ይመጣል፤ ድምሩ 8,475 ነው። ቤቱ ቶሮንቶ ከሆነ ከተማዋም ያንኑ ያህል ስለምትወስድ 16,950 ይሆናል። የክፍለ ሀገሩ ተመላሽ ጣሪያው 4,000፣ የከተማዋ ደግሞ 4,475 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 8,475 ዶላር፤ ከሚከፈለው ልክ ግማሹ። ከከተማዋ ወሰን ውጭ፣ ለምሳሌ ብራምፕተን ወይም ሚሲሳጋ የገዛ ሰው የሚከፍለው የክፍለ ሀገሩን ብቻ ነው፤ የሚመለስለትም የእሱ 4,000 ብቻ ነው።

ፈቃድዎ በየትኛው ቀን ምን መሆን አለበት

ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመላሹ የሚሰጠው ለካናዳ ዜጋና ለቋሚ ነዋሪ ነው። ገዢው 18 ዓመት የሞላው መሆን፣ ስሙ ከተዛወረለት ቀን ጀምሮ በ9 ወር ውስጥም ቤቱ ገብቶ መኖር አለበት።

ስም በሚዛወርበት ቀን ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ሰው በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋበትም። በ18 ወር ውስጥ ቋሚ ነዋሪነቱን ካገኘ ተመላሹን መጠየቅ ይችላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ማመልከቻውም መግባት ያለበት በዚያው 18 ወር ውስጥ ነው። ስም የተዛወረው ማርች 10 ቀን 2025 ከሆነ፣ የመጨረሻው ቀን ሴፕቴምበር 10 ቀን 2026 ነው። ቋሚ ነዋሪነቱ ኦገስት 2026 ላይ የደረሰለት ሰው የቀረው ጊዜ የሳምንታት ነው። ወረቀቱን ቀድሞ አዘጋጅቶ መጠበቅ ይኖርበታል።

ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ተለጥፎለት ገና አዲስ አበባ ያለ ሰው ቋሚ ነዋሪ አይደለም። ቋሚ ነዋሪ የሚሆነው ካናዳ ሲገባ የድንበር ሹሙ ወረቀቱን ባጸደቀለት ቀን ነው። ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገውም። ስለዚህ ወንድም ወይም እህት ቶሮንቶ ሆነው ቤት ሲያፈላልጉለት፣ ውሉ ላይ የሚጻፈው የስም ማዛወሪያ ቀን ከጉዞው በኋላ መሆን አለበት። በረራ ሊራዘም ስለሚችል ሁለትና ሦስት ቀን ሳይሆን ጥቂት ሳምንታት ልዩነት ቢተው ይሻላል።

ስም የሚዛወርበት ቀን ጉዞውን ቢቀድም የሚያስከፍለው ተመላሹን ብቻ አይደለም። ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ባልሆነ ሰው ላይ ኦንታርዮ ከኦክቶበር 25 ቀን 2022 ጀምሮ በመላው ክፍለ ሀገር 25 በመቶ ተጨማሪ ታክስ ትጥላለች። ቶሮንቶ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የራሷን 10 በመቶ ጨምራለች። በ600,000 ዶላሩ ቤት ላይ 150,000 እና 60,000፣ በድምሩ 210,000 ዶላር ይሆናል። ከዚህ ሌላ የፌዴራሉ መንግሥት የውጭ ዜጎች በትልልቅ ከተሞች መኖሪያ ቤት እንዳይገዙ የከለከለበት ሕግ ከ2023 ጀምሮ ይሠራል፤ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ተራዝሟል። የሥራ ፈቃድ ያለው ሰው ፈቃዱ ላይ ቢያንስ 183 ቀን ከቀረውና ሌላ ቤት ካልገዛ ከክልከላው ነጻ ነው። ከክልከላው ነጻ ሆነ ማለት ግን ከ25 በመቶው ነጻ ሆነ ማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ሕጎች ናቸው፤ ደላላ አንዱን አይቶ «ይፈቀድልሃል» ቢል ስለ ሌላው ለብቻው መጠየቅ ግድ ነው።

ከ25 በመቶው ነጻ ከሚሆኑት መካከል የስደተኝነት ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቶ ጥበቃ የተሰጠው ሰው፣ በኦንታርዮ የእጩነት ፕሮግራም (ክፍለ ሀገሩ ለቋሚ ነዋሪነት በሚያጭበት) የተመረጠ ሰው፣ እንዲሁም ከዜጋ ወይም ከቋሚ ነዋሪ የትዳር ጓደኛው ጋር አብሮ የሚገዛ ሰው ይገኙበታል፤ ቤቱን ዋና መኖሪያ ሊያደርጉት ማረጋገጫ ይሰጣሉ። ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት የስደተኝነት ጠያቂ ጥበቃ እንደተሰጠው አይቆጠርም። ደግሞም ጥበቃ የተሰጠውና በእጩነት የተመረጠው ከ25 በመቶው ቢድኑም፣ የመጀመሪያ ቤት ተመላሹን የሚያገኙት በ18 ወሩ ውስጥ ቋሚ ነዋሪ ሲሆኑ ነው።

25 በመቶውን ከፍሎ የገዛ ሰው በ4 ዓመት ውስጥ ቋሚ ነዋሪ ከሆነ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ቤቱ በእሱ ወይም በእሱና በትዳር ጓደኛው ስም ብቻ የተያዘ፣ ከተዛወረ በ60 ቀን ውስጥ የገቡበትና ከዚያ ወዲህ ዋና መኖሪያቸው የሆነ መሆን አለበት። ማመልከቻው ቋሚ ነዋሪነት በተገኘ በ90 ቀን ውስጥ ይገባል፤ ይህቺ ዘጠና ቀን ሳትታወቅ ታልፋለች። ለተማሪና ለሠራተኛ ለብቻው የነበረው ተመላሽ ግን ከማርች 30 ቀን 2022 ጀምሮ ቀርቷል። ከዚያ በፊት የገዛ ዘመድ የሚሰጠው ምክር በቅንነት ቢሆንም ጊዜው አልፎበታል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ዜጋ የሆነች እህት የሥራ ፈቃድ ያለውን ወንድሟን ስም ውሉ ላይ አብራ ካስገባች፣ ድርሻው ትንሽ ቢሆንም 25 በመቶው የሚሰላው በቤቱ ሙሉ ዋጋ ላይ ነው። ወንድም ገንዘብ ሊረዳ ይችላል፤ ስሙ ግን ይቆይ።

የአዲስ አበባው ቤት

የኦንታርዮ ሕግ የሚለው ገዢው ከዚያ ቀደም በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ጊዜ መኖሪያ ቤት ወይም የመኖሪያ ቤት ድርሻ ኖሮት የማያውቅ መሆን አለበት ነው። የተሸጠ ቤትም ይቆጠራል። በስጦታ ወይም በውርስ የመጣም ይቆጠራል። ኖሩበት አልኖሩበት ለውጥ የለውም።

ይህን ወደ መሀል አዲስ አበባ አምጥተን እንየው።

የቀበሌ ቤት አይቆጠርም። አራዳና ልደታ ውስጥ ሦስት ትውልድ የኖረበት ቤት ቢሆን እንኳ፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሱት ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ናቸው፤ ቤተሰቡ ተከራይ ነው። የኪራይ ቤቶችም እንዲሁ። ቅጹ ላይ «ቤት ኖሮህ ያውቃል?» ሲባል «የኛ ቤት» እያልን ስለምንጠራው ብቻ አዎ ብለው የሚመልሱ ሰዎች አሉ። የኪራይ ደብተሩ ወይም የኪራይ ውሉ ማን እንደሆኑ ይናገራል።

ኮንዶሚኒየም ይቆጠራል። እጣ ወጥቶ ውል ተፈርሞ የተረከቡት ቤት፣ የባንክ ዕዳው ባያልቅም፣ ተከራይቶ ቢሆንም፣ የእርስዎ ነው። ተመዝግበው ቁጠባ እየከፈሉ እጣ ያልወጣልዎ ከሆነ ያለዎት የባንክ ሂሳብ ነው፤ ቤት አይደለም። ከቀበሌ ቤት በልማት ምክንያት ተነስቶ ኮንዶሚኒየም የገዛ ቤተሰብ ደግሞ ከተከራይነት ወደ ባለቤትነት ተሻግሯል። በውሉ ላይ የማን ስም እንዳለ ማየት ያስፈልጋል፤ እናት ብቻ ከፈረሙ ልጆቹ ባለቤት አይደሉም።

ለእናት ተብሎ በልጅ ስም የተገዛ ቤት ይቆጠራል። ውጭ ያለው ልጅ ገንዘቡን ልኮ፣ ካርታው በራሱ ስም ወጥቶ፣ እናት እየኖሩበት ከሆነ፣ ቶሮንቶ ላይ የመጀመሪያ ቤት ገዢ አይደለም። «ለኔ አይደለም የገዛሁት» የሚለው እውነት ነው፤ ቅጹ የሚጠይቀው ግን ስለ ባለቤትነት ነው። ገና ካልተገዛ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመነሻው በእናት ስም ይገዛ።

ብዙ ውይይት የሚያስፈልገው ውርስ ነው። አባት ሞተው፣ እናት ቤቱ ውስጥ እየኖሩ፣ ካርታው እስካሁን በአባት ስም ያለ ቤት ብዙ ነው። በእኛ ሕግ ውርስ የሚከፈተው ሰውየው በሞተበት ቀን ነው። ልጅ ፍርድ ቤት ሄዶ የወራሽነት ማረጋገጫ አለማውጣቱ ድርሻ የለውም አያሰኘውም። ድርሻውን ኋላ ለእናቱ በስጦታ የለቀቀ ልጅም ድርሻው መጀመሪያ የእሱ ነበር። ከመነሻው ውርሱን አልቀበልም ያለ ሰው ነገሩ የተለየ ነው፤ ሕጉ ለዚያ የሚሰጠው ጊዜ ግን አጭር ነው፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ የሚደረግ አይደለም። ለ8,475 ዶላር ሲባል መሀል ከተማ ያለ የቤት ድርሻ መተው ደግሞ ስሌቱ አይገጥምም። ድርሻዎን ይያዙ፣ ተመላሹን ይተዉት።

አባትና እናት በሕይወት ካሉ ልጅ በቤታቸው ላይ ድርሻ የለውም፤ ቢያድግበትም፣ ቢያድሰውም፣ ግብሩን ቢከፍልም።

ከሪል እስቴት የተገዛ፣ ክፍያው ያላለቀና ካርታ ያልወጣለት አፓርታማ ከሁሉም ያወዛግባል። ውሉን በሙሉ አስተርጉሞ ለኦንታርዮው ጠበቃ ማሳየት ነው ያለው። «ካርታ የለውም» የሚል የቃል መልስ አይበቃም፤ ርክክብ ተፈጽሞ ከሆነ በተለይ።

ሁለቱንም ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው ቅደም ተከተሉን ይያዝ። ቶሮንቶ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ቀጥሎ። የካናዳ ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በሚሰጠው ቢጫ ካርድ አገር ቤት መኖሪያ ቤት ሊኖረው ስለሚችል፣ ቆይቶ ቢገዛ የሚቀርበት መብት የለም።

ባልና ሚስት

የትዳር ጓደኛ ደንቡ ከሁሉም በላይ ሰው ያስደነግጣል። የትዳር ጓደኛዎ፣ የትዳር ጓደኛዎ በሆነበት ጊዜ ውስጥ በየትኛውም አገር ቤት ከነበረው፣ ለሁለታችሁም ተመላሽ የለም። ስሙ የቶሮንቶው ውል ላይ ባይገባም ያው ነው።

ባል ቶሮንቶ፣ ሚስት አዲስ አበባ ስፖንሰርሺፕ እየጠበቀች ነው እንበል። ከጋብቻው በኋላ አያቷ ሲሞቱ የቤት ድርሻ ደረሳት። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ በውርስ የመጣ ንብረት የግሏ ነው፤ ባል አይካፈለውም። ለኦንታርዮ ግን የግል መሆኑ ምንም አይለውጥም፤ ሚስቱ ሆና ቤት አላት፣ ስለዚህ ባልየው ተመላሹን ያጣል። ድርሻው ከጋብቻ በፊት ደርሷት ከጋብቻ በፊት ሸጣው ቢሆን ኖሮ እሷ የመጀመሪያ ገዢ ባትሆንም እሱ ጥያቄውን ማቅረብ ይችል ነበር። ልዩነቱ የጥቂት ቀናት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው የሽያጭ ውሉና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ቀን አጥብቆ የሚታየው። ኦንታርዮ የትዳር ጓደኛ የምትለው ደግሞ የተጋባውን ብቻ አይደለም። ሦስት ዓመት ያለማቋረጥ አብረው የኖሩ፣ ወይም ልጅ ወልደው ጸንቶ በቆየ ግንኙነት አብረው ያሉም ይገቡበታል።

ሚስት ገና አዲስ አበባ እያለች ስሟን ቶሮንቶው ውል ላይ ማስገባት ሌላ አደጋ አለው። ቋሚ ነዋሪ ስላልሆነች 25 በመቶው የሚቀርላት በትዳር ጓደኛ ነጻነቱ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ቤቱን ዋና መኖሪያ እናደርገዋለን የሚል ማረጋገጫ ይፈልጋል። መቼ እንደምትመጣ ሳይታወቅ ይህን መፈረም አንመክርም። በባል ስም ይገዛ፤ እሷ ስትገባ ስሟን መጨመር ይቻላል፣ ያኔ ታክስ ያስከትል እንደሆነ አስቀድሞ ጠበቃውን ይጠይቁ።

ባልና ሚስት ያልሆኑ ሁለት ሰዎች፣ ለምሳሌ እህትና ወንድም፣ እኩል ድርሻ ይዘው ገዝተው አንዱ ከዚህ ቀደም ቤት ከነበረው፣ ሌላው የሚያገኘው በድርሻው ልክ ነው፦ ከክፍለ ሀገሩ እስከ 2,000፣ ከከተማዋ እስከ 2,237.50 ዶላር።

ማመልከቻው

በአብዛኛው ጠበቃው ስሙን በኮምፒውተር ሲያስመዘግብ ተመላሹን እዚያው ይጠይቃል፤ ታክሱ ተቀንሶ ይከፈላል። ይህ እንዲሆን ፊርማው ከመድረሱ ከሁለት ሳምንት በፊት ያለዎትን ፈቃድና የቤት ታሪክዎን በጽሑፍ ይንገሩት። ያኔ ካልተጠየቀ፣ ወይም ቋሚ ነዋሪነቱ ቆይቶ ከመጣ፣ ለኦንታርዮ የገንዘብ ሚኒስቴር የመጀመሪያ ገዢ ቃለ መሐላ ቅጽ ይገባል። ከቅጹ ጋር የተመዘገበው የስም ማዛወሪያ ሰነድ ቅጂ፣ የግዢ ውሉ፣ ቋሚ ነዋሪነትን የሚያሳይ ወረቀት፣ በቤቱ መኖርዎን የሚያሳይ መንጃ ፈቃድ ወይም የስልክ ቢል ይያያዛል። የቶሮንቶው ለከተማዋ ለብቻው ነው የሚጠየቀው። አንዱን ብቻ አስገብተው ሌላውን የሚረሱ አሉ።

ቃለ መሐላ ነውና አዲስ አበባ ያለውን ቤት መደበቅ አይገባም። ተመላሹ ያለ አግባብ እንደተወሰደ ከታወቀ ከነወለዱ ይመለሳል፣ ቅጣትም ያስከትላል።

ከኦንታርዮ ውጭና የፌዴራሉ

ቫንኩቨር የሚገዛ ሰው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደንብ ይሠራበታል። ዜግነት ወይም ቋሚ ነዋሪነት ይፈልጋል፣ በዓለም ላይ የትም ዋና መኖሪያ የሆነ ቤት ድርሻ ኖሮት የማያውቅ መሆን አለበት፣ ከመመዝገቡ በፊትም 12 ተከታታይ ወር እዚያ የኖረ ወይም ባለፉት 6 ዓመታት ሁለት ጊዜ የግብር ማስታወቂያ እንደ ነዋሪ ያስገባ መሆን አለበት። ከ835,000 ዶላር ላልበለጠ ቤት ከታክሱ እስከ 8,000 ዶላር ይቀርለታል። ቋሚ ነዋሪነቱ ዘግይቶ የመጣለት የሚሰጠው ጊዜ ግን 12 ወር ነው። ካልጋሪና ኤድመንተን ያሉት ይህ ሁሉ አያሳስባቸውም፤ አልበርታ የስም ማዛወሪያ ታክስ የላትም፣ የምዝገባ ክፍያ ብቻ ነው።

የፌዴራሉ ድጋፎች የሚያዩት ለታክስ ነዋሪ መሆንን እንጂ ዜግነትን አይደለም። የሥራ ፈቃድ ያለውም ይገባበታል። ለመጀመሪያ ቤት የሚከፈተው የቁጠባ ሂሳብ በዓመት 8,000፣ በድምሩ 40,000 ዶላር ይቀበላል። ከጡረታ ቁጠባ ደግሞ እስከ 60,000 ማውጣት ይቻላል። እዚህ ላይ የአዲስ አበባው ቤት ዕድሜ ልክ አይከተልም፤ የሚታየው በያዝነው ዓመትና ከዚያ በፊት ባሉት አራት ዓመታት በራስ ቤት ተኖሯል ወይ የሚለው ነው። ለእናቱ ገዝቶ ራሱ ያልኖረበት ሰው ኦንታርዮ ላይ ቢወድቅም እዚህ ሊያልፍ ይችላል።

ከአዲስ አበባ ሳይነሱ የሚወሰዱ ወረቀቶች

ቤት ሸጠው ከሆነ በውልና ማስረጃ የጸደቀው የሽያጭ ውል፣ የቀበሌ ቤት ከሆነ የኪራይ ውል፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የሞት ምስክር ወረቀትና የወራሽነት ማረጋገጫ ካለ እሱንም። ዋናውን ይያዙ፤ ዘመድ ኋላ ወረዳ ሄዶ ያወጣልኛል ብሎ መተው ወራት ይፈጃል፣ ውክልናም ይጠይቃል።

ሲተረጎሙ ቀኑን ራስዎ ያረጋግጡ። ሐምሌ 25 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመ ሽያጭ ኦገስት 1 ቀን 2023 ነው። ነሐሴ 6 ቀን 2015 የተፈጸመ ጋብቻ ኦገስት 12 ቀን 2023 ነው። አንዱን ሰነድ ተርጓሚው ቀይሮ ሌላውን «2015» ብሎ ከተወው፣ በአሥራ አንድ ቀን ልዩነት የተፈጸሙት ሁለት ነገሮች በስምንት ዓመት የተራራቁ ይመስላሉ። ጋብቻው ሳይቀየር ከቀረ ሚስት ቤቱን የሸጠችው ከተጋቡ በኋላ ሆኖ ይነበባል፤ የባልየው ተመላሽም በአንድ የዓመተ ምሕረት ቁጥር ይቀራል። ትርጉሙ ላይ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» እና «በጎርጎርዮስ አቆጣጠር» ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፉ።